አሥረኛው ምስማር

ታናሽ ወንድሜ ሁለተኛ ክፍል ነው። የቤት ሥራውን ሲሠራ አጠገቡ እቀመጥና እርሳሱ ገና ሳይዶለዱም ቀምቼ እቀርጽለታለሁ። "ጨረስሽብኝ እኮ" ይለኛል፤ እውነቱን ነው። አብዛኛው እርሳስ ሲቀረጽ ምንም አይሸትም። አልፎ አልፎ ግን፣ ከየት አገር እንጨት እንደተሠራ እንጃ፣ ጥድ ጥድ የሚል ይገጥመኛል። ያኔ ፍቅፋቂውን መዳፌ ላይ አድርጌ አፍንጫዬን እደፋበታለሁ። ወንድሜ ይህን አይቶ ለእማዬ ከሰሰኝ። እማዬ መጣች፣ እጄን ያዘች፣ እሷም አሸተተችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሱሉልታ የኖርነው ዓመት ከመንፈቅ ለማይሞላ ጊዜ ነው። ወንድሜ አልተወለደም። እኔ አሁን እሱ እንዳለበት ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የፊት ጥርስ አልነበረኝም፣ ወሬ ግን አላጣም ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ቤት ተከራይተናል። ናፍቆኝ የሚያውቀው ግን ያ ግቢ ብቻ ነው።

አባዬ እንጨት ሠራተኛ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሰው ወርክሾፕ ሲሠራ ቆይቶ አንድ አሮጌ መላጊያ ማሽን የራሱ አደረገ። ማሽኑን የሚያስገባበት ቦታ ግን ከተማ ውስጥ አጣ፤ ጩኸቱን የሚችል ጎረቤት አልተገኘም። ስለዚህ እንጦጦን ተሻግረን፣ ከፍቼ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ኦቦ ፈይሳ የሚባሉ ገበሬ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍልና አንድ የጥጃ ጋጣ ተከራየን። ክፍሎቹ ለእኛ፣ ጋጣው ለማሽኑ። ጥጆቹ ወደ ሌላ ጥግ ሲዛወሩ ኦቦ ፈይሳ "እነሱም ተፈናቀሉ" አሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ሳቀ።

ኦቦ ፈይሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው የማይወርድ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል። አብሯቸው የሚኖረው የልጃቸው ልጅ ቶሌራ ነበር፤ እናቱ ጫንጮ ትኖራለች። ቶሌራ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል፣ ይህንንም በየቀኑ ያስታውሰኝ ነበር። የተጣላ ባልና ሚስት፣ በድንበር የተጋጨ ጎረቤት፣ ሁሉም ኦቦ ፈይሳ ዘንድ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ከግቢው በር አጠገብ ካለው የአበሻ ጥድ ሥር ድንጋይ ድንጋያቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔና ቶሌራ ደግሞ ከሣር ክምር ኋላ ተደብቀን የሰው ጉዳይ እንሰማለን። ኦሮምኛውን እሱ ይተረጉምልኝ ነበር። ሲደብረው ከራሱ ጨምሮ እንደሚተረጉም ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ጥዱ ላይ ምስማሮች ነበሩ። በዚያ ቤት ሰው የራሱ የሚሰቅለው ነገር ሲኖረው ግንዱ ላይ ምስማር ይመታለታል። አንዱ የኦቦ ፈይሳ አባት ኮርቻ የሚሰቀልበት ነበር፤ እንጨቱ ውጦት ጫፉ ብቻ ይታያል። አንዱ የእናታቸው የወተት ቅል፣ አንዱ ሚስታቸው ፀጉራቸውን ሲያበጥሩ መስታወት የሚሰቅሉበት። ከሁሉም ዝቅ ብሎ ያለው የቶሌራ ነው፤ የደብተር ቦርሳውን ከትምህርት ቤት ሲመለስ እዚያ ላይ ይሰቅላል። እኔም ቦርሳ ነበረኝ። የምሰቅለው ግን ቤት ውስጥ፣ የበር እጀታ ላይ ነበር። ይህ ነገር እንዴት ያንገበግበኝ እንደነበር አሁን ስናገረው ራሴን ያስቀኛል፤ ያኔ ግን አላሳቀኝም።

ማሽኑ አረንጓዴ ቀለሙ የተላጠ ብረት ነበር። ፊትና ኋላ ሁለት የብረት ገበታ አለው፤ መሃላቸው ላይ ሦስት ምላጭ የታሰረበት ድብልብል ብረት ይሽከረከራል። የፊተኛው ገበታ ከኋለኛው በጣም በትንሹ ዝቅ ይላል። ጣውላው በፊተኛው ገብቶ፣ ምላጩ ላይ አልፎ፣ በኋለኛው ተልጎ ይወጣል። ነገሩ ይኸው ነው። አባዬ ግን ከዚያ ማሽን ፊት ሲቆም የሚያስቀድስ ሰው ይመስል ነበር። ሰዓቱን ያወልቃል፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ይጠቀልላል፣ የሹራቡን ክር ሁሉ ወደ ውስጥ ይከታል። እጁ ምላጩ ላይ በቀጥታ አያልፍም፤ ከዋንዛ የሠራት፣ የከሰል ካውያ የምትመስል መግፊያ ነበረችው። ከክንዱ ያጠረ እንጨት ከማሽኑ ፊት አይቀርብም። ወለሉ ላይ ደግሞ በኖራ አንድ መስመር አስምሯል። ማሽኑ ከተነሳ እኔ ከመስመሩ አላልፍም፣ አልጠራውም፣ ከኋላ አልነካውም። አንድ ክፉ ነገር ካየሁ በመስመሩ በኩል ባለው ምሰሶ ላይ ያለውን የመብራት ማጥፊያ ወደ ታች እስባለሁ። "ሌላ ምንም አታድርጊ፣ እሱን ብቻ" ይለኝ ነበር።

ከግራ እጁ አንድ ጣት ግማሹ የለም። የት ሄደ ስለው "ጣሪያ ላይ ወረወርኩት" አለኝ። ይህ መልስ ፍጹም በቂዬ ነበር። እኔም የወለቀ ጥርሴን ሁሉ ቁራ ወስዶ አዲስ እንዲሰጠኝ ጣሪያ ላይ ወርውሬያለሁ። ጥርሴ ብቅ ብቅ ሲል የአባዬን ጣት በየጊዜው አየው ነበር። የሱ ዘገየ። ቁራው ትላልቅ ሰዎችን ወረፋ ያስጠብቃል ብዬ ለቶሌራ አስረዳሁት፤ እሱም አልተከራከረኝም።

የሱሉልታ ብርድ ጠዋት ጠዋት ጣት ያደነዝዛል። ኦቦ ፈይሳ አባዬ በባዶ እጁ ብረት ሲነካ አይተው አዘኑለት መሰለኝ፣ ከጫንጮ ገበያ ወፍራም የሱፍ ጓንት ይዘውለት መጡ። አባዬ አመስግኖ አጠለቀ። ማሽኑን ሊያስነሳ ሲል ግን አውልቆ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ይህንን ኦቦ ፈይሳ ከበሩ ሆነው አዩ። ሦስት ቀን ወደ ጋጣው ብቅ አላሉም።

"ቅር ብሏቸዋል፤ ስጦታቸውን የናቅክ መስሏቸዋል" አለችው እማዬ።

አባዬ ሄዶ ለምኖ አመጣቸው። አንድ የተቀደደ የራሱን ጓንት ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ሰካና ማሽኑን አስነስቶ ወደ ምላጩ አስጠጋው። ጓንቱ አልተቆረጠም፤ ጭራሽ ጠፋ። እንጨቱም ከጫፉ ተቆረጠ።

"ባዶ እጅ ቢነካው ይቆርጠዋል ኦቦ ፈይሳ። ጓንት ያጠለቀውን ግን ጎትቶ ያስገባዋል። ለዚህ ነው።"

ኦቦ ፈይሳ የእንጨቱን ጫፍ አዩ። ከዚያ "በል ስጠኝ፣ እኔ ላጥልቀው" አሉና ጓንቱን ከመስኮቱ ላይ አነሱት። ዓመቱን ሙሉ ከእጃቸው አልወለቀም።

ክረምቱ እንደወጣ ሰዎች ሦስት እግር ያለው መሣሪያ ይዘው የኦቦ ፈይሳ ግጦሽ መስክ ላይ ቆሙ። አንዱ በመሣሪያው ዐይን ውስጥ አጮልቆ ያያል። ፎቶ የሚያነሱ መሰለኝ። እየሮጥኩ ገብቼ ፀጉሬን አስበጥሬ፣ የእሑድ ቀሚሴን ለብሼ፣ ቶሌራን ጎትቼ መሣሪያው ፊት ሄደን ቆምን። እኔ ድዴን ላለማሳየት አፌን ገጥሜ ፈገግ አልኩ። ሰውዬው በእጁ ዞር በሉ አለን። ቦታ እያስተካከለልን መስሎኝ ዞር ብዬ እንደገና ቆምኩ። ቤት ስንመለስ ፎቷችን መቼ እንደሚደርስ ኦቦ ፈይሳን ጠየቅናቸው። 

ጥዱ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈ። ኩራት ተሰማን፤ በሰፈሩ ቁጥር የተሰጠው ዛፍ የእኛ ብቻ ነበር። ማስተር ፕላን የሚለውን ቃል ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መናገር የጀመሩት ያኔ ነው። መንገድ ይሰፋል፣ ከተማው ይመጣል፣ መስኩ ይወሰዳል ይላሉ። እኔ ከተማ ሲመጣ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ነገር አድርጌ አስቤው ነበር። እኛን ያመጣን አይሱዙ ማሽኑን ሲያራግፍ ኦቦ ፈይሳ ምንም አልከፋቸውም ነበር፤ ከተማው ሲራገፍ ለምን እንደሚከፋቸው አልገባኝም።

አንድ ማታ እራት ላይ አባዬ "ኦቦ ፈይሳ ጥዱን ራሳቸው ሊቆርጡት ነው" አለ። "ሌላ ሰው ቆርጦ ከሚጥለው እኔ ልቁረጠው አሉ። ለሽማግሌዎቹ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር እንድሠራላቸው ይፈልጋሉ። ዛፉ ቢቀር ሰው የሚታረቅበት ነገር ይቅርልኝ ነው የሚሉት።"

እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛፉ ሊቆረጥ ነው፤ እኔ ግን ገና ምስማር የለኝም።

አባዬ በአንድ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ የነሐስ ምስማሮች ነበሩት። ለሣጥን ጌጥ የሚመቱ፣ ወርቅ የሚመስሉ። ቆርቆሮውን መንካት ክልክል ነው፤ መዶሻውንም እንዲሁ። በማግስቱ ከሰዓት ሁለቱንም ነካሁ። አንድ እፍኝ ምስማር ይዤ ከጥዱ ጀርባ ሄድኩ፤ ላሞቹ እየታከኩ ቅርፊቱን የጨረሱበት ቦታ ነበር። አንዱ ተጣመመ፣ ሌላውም ተጣመመ። የተጣመመውን ሁሉ ሣር ውስጥ ወረወርኩ። በመጨረሻ አንዱ ገባ፤ እልህ ይዞኝ ስለነበር እስከ ራሱ ቀበርኩት። ምንም ሊሰቀልበት አይችልም። ቢሆንም የኔ ነው። ዞር ስል ቶሌራ ጥጃ ይዞ ቆሟል። አየኝ፣ ምስማሩንም አየ፣ ጥጃውን እየነዳ ሄደ።

አባዬ የተጣመሙትን ምስማሮች ያገኛቸው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ቶሌራ ጥጆች የሚያስርበት ሣር ውስጥ። ኦቦ ፈይሳ ዘንድ ይዟቸው ሄደ። "ነገሩ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ልጅ መዶሻና ማሽን አጠገብ እንዳይለምድ ብዬ ነው" አላቸው። ኦቦ ፈይሳ ቶሌራን ጠሩት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ።

"አንተ ነህ የወሰድከው?"

ቶሌራ እግሩን አየ። እኔን አላየኝም። አንድ ጊዜ እንኳን ቢያየኝ የምናገር ይመስለኛል፤ ምናልባት ውሸቴን ነው። አያቱ ሁለተኛ ጠየቁት፣ ሦስተኛ ጠየቁት፣ ዝም አለ። "እንግዲህ ዝም ካልክ አንተ ነህ" አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋጣው አካባቢ እንዳይደርስ ተከለከለ። ኦቦ ፈይሳ አባዬን "አሳፈረኝ እሸቱ" ሲሉት ሰማሁ። እራቴን አልበላሁም። እማዬ አመመሽ ወይ ብላ ግንባሬን ነካች፤ አዎ አልኳት።

ጥዱን ሲቆርጡት አላየሁም፤ ትምህርት ቤት ነበርን። ስንመለስ በሩ ላይ የነበረው ሰማይ ትልቅ ሆኖ ጠበቀን። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው፣ በረጅም መጋዝ ለቀናት ሰነጠቁት። አባዬ ጣውላዎቹን በመሃላቸው ቀጫጭን እንጨት እያደረገ ጣሪያ ሥር ደረደራቸው። ቶሎ እንዳይጣመሙ ቀስ ብለው መድረቅ አለባቸው አለ። ቀለሙ ቀላ ያለ፣ ሽታው ግቢውን የሞላ። ልብሳችን፣ ውሃችን፣ ዳቦአችን ሁሉ ጥድ ጥድ አለ።

ከዚያ ትምህርት ቤት ተዘጋ። የመጀመሪያው ቀን ደስ አለን። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ሚኒባስ ጠፋ፣ አዲስ አበባ ቢሮ የምትሠራው እማዬ ቤት ዋለች። ከመንገዱ በኩል የጎማ ጭስ ይታያል። ወታደር የጫኑ መኪናዎች ሲያልፉ ውሾቹ ይጮኻሉ። ቶሌራ ወጣቶቹ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው ሲሄዱ አይቶ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ አሳየኝ። አዲስ ጭፈራ መስሎኝ እራት ላይ አሳየኋቸው። እማዬ ሁለቱን እጆቼን ይዛ ወደ ታች አወረደቻቸው። እማዬ ስትፈራ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ነገር በሚከርባቸው ቀናት አባዬ ማሽኑን አያስነሳም። ኦቦ ፈይሳ ደግሞ ጓንታቸውን አጥልቀው ከበሩ አጠገብ ጉቶው ላይ ይቀመጣሉ። የሚያልፈውን ወጣት ሁሉ በስሙ ጠርተው ሰላም ይሉታል፤ ወጣቱም ጎንበስ ብሎ "ነጋ አባ" ብሎ ያልፋል። እሳቸው እዚያ እስካሉ ማንም ወደ ውስጥ አያይም ነበር። ለማን ብለው እንደሚቀመጡ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

አንድ ጠዋት ቶሌራን አጣሁት። ጫንጮ፣ እናቱ ዘንድ ተልኳል አሉኝ። ትምህርት ስለሌለ ይሆናል፣ እናቱ ሰግታ ይሆናል። እኔ ግን ያመንኩት አንድ ነገር ነው፤ የተላከው በሌብነቱ ነው፣ ሌባዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ከሣር ክምሩ ኋላ ብቻዬን መቀመጥ ሞከርኩ። ሽማግሌም አልመጣም፣ የሚተረጉምልኝም የለም።

ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው በሬዲዮ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ኦቦ ፈይሳ ሬዲዮኑን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። አባዬ "እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለዎት" አላቸው።

"ደግ ነው" አሉ። ቀና ብለው ወደ በሩ አዩ። "ዛፌን ግን ቆርጬዋለሁ እኮ።"

መንገዱ ግን ቀረ በተባለ ማግስት አልተከፈተም፤ ሁከቱም አልበረደም። ኦቦ ፈይሳ ያን አግዳሚ ይበልጥ የፈለጉት ከዚያ በኋላ ነው። በሰፈሩ ሰው ከሰው ተቀያይሟል፤ ከመንደሩ የሚታሰረውም የሚጠፋውም ብዙ ነበር። "ሰው መታረቅ ይፈልጋል፣ የሚቀመጥበት የለም" ይሉ ነበር። አባዬ እንጨቱ ገና ደርቆ አልጨረሰም፣ ይቆይ ብሎ ለመናቸው። በመጨረሻ የካቲት ላይ እሺ አለ። ጣውላዎቹ ሲወርዱ እንደ ፈራው ተጣመው ነበር።

መጀመሪያ ምስማር ፍለጋ ሆነ። አባዬ ከተበላሸ ስፒከር የፈታው ክብ ማግኔት ነበረው። በጣውላዎቹ ፊትና ጠርዝ ላይ ቀስ እያለ ያስኬደዋል፤ ብረት ካለ ማግኔቱ ጠቅ ይላል። መጋዙ ሁለቱን ቀድሞ ቆርጧቸው ነበር። ኦቦ ፈይሳ አጠገቡ ተቀምጠው የሚወጣውን ምስማር ሁሉ እየተቀበሉ የማን እንደሆነ ይናገራሉ። "ይቺ የአባቴ ኮርቻ ናት። ይቺ የሚስቴ መስታወት።" የሚስታቸውን በጓንታቸው ጠራርገው ኪሳቸው ከተቷት። "ሰደት... ሰገል" ብለው በኦሮምኛ ቆጥረው ጨረሱ። "ዘጠኝ ናቸው፤ አለቀ።"

እኔ ከኖራው መስመር ላይ ቆሜ ሦስተኛውን ጣውላ ብቻ ነበር የማየው። ላሞች የታከኩበትን ጠርዝ አውቀዋለሁ። ማግኔቱ እዚያ ደረሰ። ማግኔቱ አለፈ፣ ምንም አላለም። አባዬ ተመልሶ እንደገና አስኬደው፤ አሁንም ምንም። ማግኔት ነሐስ እንደማይስብ የሚነግረኝ አልነበረም። እግዚአብሔር ምስማሬን ከውስጡ አውጥቶ ወስዶታል ብዬ አመንኩ። ይቅር ተብዬ ነዋ። በዚያ ሌሊት ከስንት ጊዜ በኋላ ደህና ተኛሁ።

በማግስቱ መብራት ነበር፣ መንገዱም ጸጥ ብሏል። እማዬ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ አሰረች፤ ረጅም ጣውላ ሲሆን ከኋለኛው ገበታ ማዶ ቆማ የምትቀበለው እሷ ነበረች። ኦቦ ፈይሳ የሰጋቱራ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። አባዬ የመጀመሪያውን ጣውላ ገበታው ላይ ሲያሳርፈው ጣውላው ከጥግ ጥግ ተወዛወዘ።

"ጫን ብትለውስ?" አሉ ኦቦ ፈይሳ።

"ሲጫኑት የተቃና ይመስላል። ሲለቁት ይመለሳል። ስርጉዱን ፊት ወደ ታች አድርጌ፣ የሚነካውን ብቻ ትንሽ ትንሽ ላስወስድለት።" እማዬን ደግሞ "አትጎትቺው፣ ተቀበይው ብቻ" አላት።

ማሽኑ አጉረመረመ፣ ከዚያ ጮኸ። መጀመሪያ ምላጩ የጣውላውን ሁለት ጫፍ ብቻ ነካ፤ ድምፁ ይቆራረጣል። አባዬ መልሶ አስገባው፣ እንደገና መልሶ አስገባው። ድምፁ እየረዘመ ሄደ። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ አንድ ወጥ ሆኖ ጮኸ። አባዬ ማሽኑን አጥፍቶ ጣውላውን ገበታው ላይ አሳረፈው። አልተወዛወዘም። የጥዱ ሽታ እንደ አዲስ ወጣ፤ ኦቦ ፈይሳ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ያን ሽታ ነው እስከ ዛሬ የምፈልገው።

ሁለተኛውም እንዲሁ አለቀ። ሦስተኛው ከመነሳቱ በፊት አረፍ አሉ። ኦቦ ፈይሳ የአባዬን እጅ እያዩ "ያቺን ጣትህን እንዴት ነው ያጣሃት? ጠይቄህ አላውቅም" አሉት።

"አሮጌ የበር ጣውላ ነበር። ውስጡ ምስማር መኖሩን አላየሁም። ምላጩ ምስማሩን ሲያገኝ ጣውላው ከእጄ አፈትልኮ ወጣ፤ እጄ ግን መግፋቱን አላቆመም።" ቀለል አድርጎ ነው የተናገረው። "ያን ቀን መግፊያም አልያዝኩም ነበር።"

ጣሪያ የለም። ቁራ የለም።  አባዬ ግን ተነስቶ ሦስተኛውን ጣውላ አንስቷል፤ ማሽኑ መጮህ ጀምሯል። እግዚአብሔር ምስማሬን ባይወስደውስ? የጣውላው ጫፍ ወደ ምላጩ ሲጠጋ ታየኝ። መስመሩን አላልፍም፣ አልጠራውም፣ አልነካውም። ምሰሶው ላይ ተንጠልጥዬ ማጥፊያውን ወደ ታች ሳብኩት።

ጩኸቱ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። አባዬ ምላጩ ፈጽሞ እስኪቆም እጁን አላነቃነቀም።

"ሄደ" አለ።

"አይ ይሄ መብራት ኃይል። እንግዲህ ነገ ነው" አለች እማዬ፣ ሻሿን እየፈታች። ኦቦ ፈይሳም ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። መብራት ሲሄድ ለምደነዋል፤ ማንም ወደኔ አላየም። ዝም ብል የዚያን ቀን ነገር እዚያው ያልቅ ነበር። ከኦቦ ፈይሳ ቤት ግን ሬዲዮናቸው ዜና ማንበቡን አላቆመም፤ ሬዲዮኑ ደግሞ በመብራት ነበር የሚሠራው። አባዬ ጆሮውን ጣል አደረገ። ከዚያ ወደ ምሰሶው ዞሮ አየኝ። እጄ ገና ማጥፊያው ላይ ነበር።

"አሥር ናቸው" አልኩ።

"ምኑ?"

"ምስማሮቹ። አሥር ናቸው።"

አባዬ አልጮኸብኝም። ማሽኑ መጥፋቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጦ እጄን ይዞ መስመሩን አሻገረኝ። ጠርዙን በጣቴ እየዳበስኩ አገኘሁት፤ የምስር ፍሬ የምታህል ቢጫ ነጥብ። አባዬ ዙሪያዋን በመሮ ጫፍ ፈልፍሎ በጉጠት መዞ አወጣት። መዳፉ ላይ አስቀምጦ ብዙ አያት። ከዚያ እማዬን አያት፣ እማዬም ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

"የማን ናት?" አሉ ኦቦ ፈይሳ።

"የኔ።"

"የተጣመሙትስ?"

"እነሱም።"

ኦቦ ፈይሳ ጓንታቸውን አወለቁ። በዚያ ብርድ ሲያወልቁ አይቻቸው አላውቅም። "ቶሌራ ያውቃል?" አሉኝ።

"አይቶኛል።"

 ወጥተው ጉቶው ላይ ሄደው ተቀመጡ። ማሽኑ የዚያን ቀን አልተነሳም።

አግዳሚው በሳምንቱ አለቀ። የመጀመሪያው ጉዳይ የኔ ሆነ። ኦቦ ፈይሳ ከሰፈር ሁለት ሽማግሌዎች አስጠሩ። እሳቸው ራሳቸው ዳኛ አልሆኑም፤ የተበዳዩ አያት ስለሆኑ ከአግዳሚው ፈንጠር ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ በወገቤ ነጠላ አስሬ፣ አባዬና እማዬ ከኋላዬ። ከጎኔ አንድ ድንጋይ ባዶውን ነበር። ትልልቆቹ እንዳይስቁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ነጭ ፂም ያላቸው ሽማግሌ ጎንበስ ብለው በአማርኛ ጠየቁኝ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምስማሩን ለምን መታሽው?"

"ሁሉም ሰው አለው። እኔ የለኝም።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች በኦሮምኛ ተነጋገሩ። ምን እንዳሉ አላውቅም፤ የሚተረጉምልኝ ሰው ጫንጮ ነበር። ኦቦ ፈይሳ ግን ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

"የአባትሽን ዕቃ መንካትሽን አባትሽ ይቅር ብሎሻል፤ እሱ አልቋል" አሉ ሽማግሌው። "የልጁ ጉዳይ ግን የልጁ ነው። እሱ በሌለበት እኛ ይቅር አንልለትም። አያቱም አይችሉም።"

"ታዲያ መቼ ነው?"

"መንገዱ ሲከፈት። ልጁ ሲመጣ እንጨርሰዋለን። እስከዚያ በቀጠሮ ነሽ።"

መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። በተከፈተ ቁጥር ከጫንጮ የሚመጣውን ሚኒባስ ከጉቶው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። እማዬ ሥራዋ ላይ መድረስ አቃታት፣ አባዬም እንጨት የሚያመጣለት አጣ። ከፋሲካ በፊት ማሽኑ እንደገና አይሱዙ ላይ ተጫነ። ኦቦ ፈይሳ አባዬን አቅፈው ብዙ ቆዩ። እኔን ራሴን ዳበሱኝና "አገኝሻለሁ" አሉኝ። አላገኙኝም፤ እኛም አልተመለስንም፣ ቆይቶ ስልካቸውም አልሠራ አለ።

ቶሌራ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። ምናልባት ነገሩን ረስቶታል፣ ምናልባት ኦቦ ፈይሳ ነግረውት ስቆ ትቶታል። እኔ የማላውቀው ያን ነው። የምናገረውን ግን ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አዘጋጅቼ ይዣለሁ፤ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ አንተ አይተኸኛል፣ ዝም አልክልኝ፣ እኔ ደግሞ ዝም አልኩብህ። ከዚያ ቀጥሎ የሚናገረው እሱ ነው።